ድንኳኑ ለማን ነበር?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ባለፈው እሑድ ከመዝሙር ጥናት በኋላ ስለ ዘንድሮው መንፈሳዊ ጉዞ ስንወያይ፣ በፍልሰታ ጾም፣ በደብረ ታቦር ሰሞን እንጦጦ ወጥተን ሁለት ሌሊት በድንኳን እንደር የሚለው ሐሳብ ብዙ ደጋፊ አገኘ። አንድ ወንድማችን እጁን አውጥቶ «ዝናቡስ?» ብሎ ጠየቀ። ከኋላ ወንበር «እምነት ያለው ሰው ዝናብ አይፈራም!» የሚል ድምፅ ተሰማና አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። በነሐሴ ወር ስለ ዝናብ መጠየቅ እርግጥ ያስቃል፤ እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ያችኑ ቃል ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ ተናግሬያት ነበር፤ የተናገርኋትም በዝቋላ ተራራ ግርጌ፣ በአንድ አረጋዊ መነኩሴ ፊት ቆሜ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማንም በዝርዝር አልነገርሁም። አሁን ልንገራችሁ።

ዝቋላን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰማዩ በጠራ ቀን ከላፍቶ ከፍታ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ለተመለከተ ሰው፣ ከሜዳው መካከል ብቻውን ብድግ ብሎ ይታያል። ከብዙ ዘመን በፊት የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። እሳት ይወጣበት የነበረው አፉ ዛሬ ውኃ ሞልቶት ሐይቅ ሆኗል። በዚያ የጻድቁ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ሕዝበ ክርስቲያኑ ከየአቅጣጫው ወደዚያ ይተማል፤ ከተማ ያለውም ገጠር ያለውም፣ አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮምኛ ተናጋሪውም «አቦ! አቦ!» እያለ ይወጣል። የሳሪስ ልጆች በተለይ «ጻድቁ የሰፈራችን ሰው ናቸው» ማለት ይወዳሉ፤ አቦ ቤተ ክርስቲያን በሰፈራቸው ስላለ ነው።

እኛ የተነሣነው መጋቢት 4 ቀን 2006 ዓ.ም. ማለዳ ነው። ቁጥራችን 43 ነበር። አውቶቡስ ተከራይተን፣ ከበሮ ጭነን፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ሰንቀን፣ በሳሪስ፣ በቃሊቲ፣ በአቃቂና በዱከም አልፈን ቢሾፍቱ ደረስን። እውነቱን ለመናገር፣ ሁላችንም ለጸሎት ብቻ አልነበረም የሄድነው። ሐይቁን ለማየት የጓጓ ነበር፤ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ ለመነሣት ያሰበ ነበር፤ ከሰፈርና ከወላጅ ዐይን አንድ ሌሊት መራቅ ያስደሰተውም አልጠፋም። ይህን ለነቀፌታ አላነሣሁትም። የእግዚአብሔርን ሥራ ለማየት ተራራ መውጣት መልካም ነገር ነው።

ከቢሾፍቱ ተነሥተን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል በአቧራው መንገድ ከተጓዝን በኋላ ተራራው ግርጌ ወረድን። ጊዜው የበልግ መግቢያ ነው። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፤ ከተራራው ጫፍ ላይ ደመናው እንደ ሻሽ ተጠምጥሟል። ከላይ ይወርዱ የነበሩ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ጓዛችንን አይተው ቆሙና «ልጆቼ፣ ሰማዩ እስኪያርፍ ድረስ እዚህ መንደር ተጠለሉ። ማለዳ ብትወጡም ለቅዳሴ ትደርሳላችሁ» አሉን። እኔ የጉዞ ኮሚቴ አባል ነበርሁ፤ ድንኳኑም በእኔና በሦስት ወንድሞች ትከሻ ላይ ነበር። በዚህ ጊዜ ነው «አባ፣ እምነት ያለው ሰው ዝናብ አይፈራም» ያልሁት። ወጣቶቹ አጨበጨቡልኝ። እሳቸው ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ዝናቡንም የላከው እሱ እኮ ነው፤ ለምን ትጣላዋለህ?» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እኛም ወጣን። በነገራችን ላይ ሰፈራችን ንፋስ ስልክ የተባለው ያለ ሽቦ፣ በነፋስ ከሚላከው ስልክ የተነሣ ነው። የነፋስ ስልክ ልጆች ነፋስ አይበግራቸውም እየተባባልን እየቀለድን ነበር የወጣነው። ቀልዱ ግማሽ ሰዓት አልቆየም። በመጀመሪያ ነፋሱ መጣ፤ ቀጥሎ ዝናቡ፤ ቀጥሎ በረዶው። መብረቅ በርቶ ነጐድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ሦስት ሴኮንድ ከቈጠርህ መብረቁ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅሃል፤ እኛ አንድ ብለን ሳንጨርስ ተራራው ይናወጥ ነበር። ከረጃጅም ጥዶች ሥር ተጠለልን። ከዚያ የከፋ መጠለያ እንደሌለ በትምህርት ቤት ተምረናል፤ ነገር ግን የፈራ ሰው የተማረውን አያስታውስም። ከጥዶቹ መካከል አንዳንዶቹ ግንዳቸው ከስሎ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በመጋቢት 2004 ዓ.ም. ያንን ደን እሳት በላው፤ ያን ጊዜ ከቢሾፍቱና ከአዲስ አበባ ወጣቶች ወጥተው ከመነኮሳቱ ጋር እሳቱን ሲያጠፉ ሰንብተዋል። እነዚያ የወጡት ዛፉን ለማዳን ነው። እኛ በዚያው ዛፍ ሥር ቆመን ድንኳናችን እንዳይርስ እንጨነቅ ነበር።

ዋናው በደላችን የተፈጸመው ከዚህ በኋላ ነው። ዝናቡ ጥቂት ጋብ ሲል ብርቱዎቹ «ቶሎ ደርሰን ድንኳኑን እንትከል» ብለን ገሠገሥን። ሐሳቡ ሲሰሙት መልካም ይመስላል፤ ለሁሉ ነው እኮ የምንተክለው! ነገር ግን እየገሠገሥን ስንሄድ የኋለኞቹን ድምፅ መስማት አቆምን፤ ዘወር ብሎ ያየም አልነበረም። ጫፍ ደረስን፤ ሸራውን ወጠርን፤ ጧፍ አበራን፤ ከበሮው ተመታ፤ ያን ዕለት እንደ ዘመርነው ዘምረን አናውቅም። እግዚአብሔር ከእኛ ጋር በድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠ መስሎኝ ነበር። አንዲት እኅት «እነዚያስ ልጆች?» ብላ ጠየቀች። ቈጠርን፤ 38 ነን። «ይደርሳሉ» አልሁ። ያቺ «ይደርሳሉ» የምትል ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የደብረ ታቦርን ታሪክ በየዓመቱ ቡሄ ሲመጣ እንሰማዋለን። ጌታችን ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ረጅም ተራራ ወጣ፤ ፊቱ እንደ ፀሐይ አበራ፤ ሙሴና ኤልያስ ተገለጡ። ጴጥሮስ ደስታው ቢበዛበት በዚያ መኖርን ወደደ፤ ሦስት ዳስ ለመሥራትም አሰበ፤ ለጌታ አንድ፣ ለሙሴ አንድ፣ ለኤልያስ አንድ። ለራሱ ዳስ አለመጠየቁ ደግ ነው። ነገር ግን ስለ ዘጠኙ ጓደኞቹ አንድም ነገር አላነሣም። ዘጠኙ ከተራራው በታች ቀርተዋል። በዚያው ሰዓት እነርሱ ዘንድ አንድ አባት የታመመ ልጁን አምጥቶ፣ ሊፈውሱለት ቢሞክሩ አልቻሉም፤ ሕዝቡ ከቧቸዋል፤ ጸሐፍት ይከራከሯቸዋል (ማርቆስ ምዕራፍ 9)። ከላይ ብርሃን፣ ከታች ልቅሶ። ጌታችንስ ምን አደረገ? ዳሱ አልተሠራም። ወረደ። ብርሃኑን ለሦስቱ ካሳየ በኋላ በቀጥታ የወረደው ወደዚያ ልጅ ነው። ቡሄ ሲመጣ ችቦ እናበራለን፣ ዳቦ እንቈርሳለን፣ ልጆች በየደጁ ይጨፍራሉ፤ ከተራራው ሥር ስለ ነበረው ስለዚያ ልጅ ግን ስንቶቻችን እናስባለን?

ወደ ታሪኬ ልመለስ። «እንውረድ» ያልሁት እኔ ብሆን ደስ ባለኝ፤ አይደለሁም። የቡድናችን ዲያቆን መዝሙሩን አስቁሞ «አምስት ሰው ጎድሎን እንዘምራለን እንዴ? ተነሥ!» አለኝ። ባትሪ ይዘን፣ በጭቃው እየተንሸራተትን ወረድን። ሊመሽ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጥግ፣ በአራት እንጨት የተወጠረች አሮጌ ላስቲክ አገኘን። ከሥሯ አንዲት እናት ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው አራቱ ልጆቻችን ተጣብቀዋል፤ አምስተኛዋ፣ ከሁሉ ታናሽ የነበረችው እኅታችን፣ በእኚያ እናት ደረት ላይ ተጋድማለች። ቀጭን ቀሚስና የሸራ ጫማ አድርጋ ነበር የመጣችው፤ ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ሳያት አትንቀጠቀጥም። «ተመስገን፣ ብርዱ ተዋት» አልሁ።

ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሕይወት የሚያድን ነገር ነውና። በኋላ ሐኪም የሆነ አንድ ወንድማችን እንደ ነገረኝ፣ በብርድ የተጎዳ ሰው እስከተንቀጠቀጠ ድረስ ሰውነቱ ገና እየታገለ ነው። መንቀጥቀጡ ሲቆም፣ ምላሱ ሲተሳሰር፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው ያን ጊዜ ነው የሚያስፈራው። እርጥብ ልብስ የሰውነትን ሙቀት ከደረቅ ልብስ እጅግ ፈጥኖ ያወጣል፤ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። እንዲህ ያለውን ሰው እርጥቡን አውልቆ በደረቅ መጠቅለል፣ ከነፋስ መከለል፣ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ጣፋጭ ትኩስ ነገር መስጠት ይገባል። እጅ እግሩን ማሸት አያስፈልግም። «ያሞቃል» ተብሎ አረቄ መስጠትማ ጉዳት ነው፤ ለጊዜው ያሞቀ ይመስላል እንጂ ከውስጥ ያለውን ሙቀት ያወጣል።

እኚያ እናት ይህን ሁሉ ማንም ሳይነግራቸው አድርገውት ነበር። እርጥቡን ነጠላ አውልቀው ጥለዋል፤ ከላስቲክ ውስጥ ጠቅልለው ለበዓሉ ያስቀመጡትን ነጭ ጋቢያቸውን አልብሰዋታል፤ እሳቸው በእርጥብ ቀሚስ ተቀምጠዋል። ከፔርሙዝ ሻይ በክዳኑ እየቀዱ ጥቂት በጥቂት ያጠጧታል። አማርኛ እምብዛም አይችሉም ነበር፤ እኛም ኦሮምኛ አናውቅም። ደጅ ቆመን ስንንጠባጠብ አይተው በእጃቸው እየጠሩ «ኮታ፣ ኮታ» አሉን፤ ኑ፣ ኑ ማለታቸው ነው። ያቺ ላስቲክ ለሁላችን አትበቃም ነበር። ገባን።

ልጅቱ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይታ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ እኛ ስንደነግጥ እናቲቱ እልል አሉ። ሌሊቱን ሁሉ እዚያው አደርን። ከላይ፣ ከድንኳናችን፣ የከበሮ ድምፅ በነፋሱ መካከል አልፎ አልፎ ይሰማ ነበር።

ስለ ጻድቁ በገድላቸው የሚነገረውን ታስታውሳላችሁ። በዝቋላ ባሕር ውስጥ በራሳቸው ተዘቅዝቀው መቶ ዓመት ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ ምሕረት ለምነዋል። በሥዕላቸውም አንበሶችና ነብሮች ከበዋቸው፣ አንዲት ወፍ ከዐይናቸው እንባ ስትጠጣ እናያለን። እኔ ያን ሥዕል ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው የሚያስደንቀኝ የውኃው ቅዝቃዜና የዓመቱ ብዛት ነበር፤ ጻድቅ ማለት ብርድ የሚችል ሰው ይመስለኝ ነበር። በዚያ ሌሊት ግን ስለ ወፏ አሰብሁ። ብርድን አንበሳውም ይችላል፤ ድንጋዩም ይችላል። ጻድቁ ከውኃው የገቡት ስለ ሌላው ነው፤ የተጠማች ወፍ ስትመጣ ዐይናቸውን አልጨፈኑባትም። እኛ በዚያው ተራራ ላይ በረዶውን ችለን ነበር፤ ዝናቡንም አልፈራንም። ታዲያ ምን ይጠቅማል? ኋላችን የቀሩትን አምስት ሰዎች ሳንቈጥር ያለፍንበት ድፍረት እምነት ተብሎ ይጠራል?

«እንግዲያው በዝናብ ጊዜ ጉዞ ይቅር እያልህ ነው ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። አላልሁም። ዛሬ ወላጆች የሚፈሩት ዝናቡን ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. አራት የዝቋላ ገዳም አባቶች ከተገደሉ ወዲህ፣ ወደ ዝቋላ ልንሂድ ነው ስንል የእናቶቻችን ፊት ይለወጣል፤ ኮሚቴውም እንጦጦን የመረጠው ስለዚህ ነው። እንጦጦ ቅርብ ቢሆንም ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ የነሐሴ ሌሊቱም እንደ ዝቋላው ነው። ስለዚህ ኮሚቴውን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ድንኳኑን የሚሸከሙት ብርቱዎች ከኋላ ይሂዱ፤ ታናናሾቹና ደካሞቹ ከፊት ይሁኑ፣ እርምጃውንም እነርሱ ይወስኑልን። ካስማ ሳይመታ ሰው ይቈጠር። አንድ ከጎደለ መዝሙር አይጀመር። «ይደርሳሉ» የሚል ከተገኘም፣ ባትሪውን ለእሱ ስጡትና ይውረድ።

በማግሥቱ መጋቢት 5 ማለዳ ሰማዩ ጠርቶ አደረ። ልጅቱን በመካከላችን አድርገን ወጣን፤ ቅዳሴ አስቀደስን፤ ሐይቁንም አየነው፤ ጭጋጉ ከላዩ እንደ ዕጣን ጢስ ሲነሣ በእውነት ያምራል። ከሠርሖተ ሕዝብ በኋላ እናቲቱን ጋቢያቸውን ልንመልስላቸው ፈለግናቸው። በዚያ ሁሉ ነጭ ለባሽ መካከል ልናገኛቸው አልቻልንም። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅንም ነበር። እስከ ቀትር ፈለግን፤ አውቶቡሱ ጡሩንባ ሲነፋ ወረድን።

ጋቢው እስከ ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከከበሮዎቹ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ታጥቦ ተቀምጧል። ብዙዎቻችሁ አይታችሁት የማን እንደ ሆነ ጠይቃችሁኝ ዝም ብያችኋለሁ። ለእንጦጦው ጉዞ ዕቃ ሲጫን ከድንኳኑ አስቀድሞ እሱ ይጫንልኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።