ፊደል ለማን ይታመን?

ድምፅን በፊደል ማስፈር የብልሃት ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታያቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን አንድ ሕዝብ በሙሉ በአንድ የጽሕፈት ሥርዐት እንዲጽፍ በተደነገገ ጊዜ፣ አንዱ እንደሚናገረው ሲጽፍ ሌላው የማይናገረውን መጻፉ አይቀርም። ይህ ሸክም በማን ጫንቃ ላይ ይውደቅ? ጥያቄው የፍትሕ ጥያቄ ነውና፣ የካታላንን ቋንቋ፣ ይልቁንም ምላስ ወደ ላንቃ ተጠግታ የምታወጣቸውን ድምፆች ምሳሌ አድርገን እንመረምረዋለን።

ካታላን በባርሴሎና፣ በቫሌንሲያና በማዮርካ ደሴት የሚነገር የላቲን ልጅ ነው። እናቲቱ ላቲን እንደ ኘ፣ ሸና ቸ ያሉትን ድምፆች ስላልነበሯት ፊደሏም ምልክት አላዘጋጀላቸውም። እኛም ከግዕዝ ፊደል የወረስነው ችግር ይኸው ነበር፤ አባቶቻችን ግን በነ ራስ ላይ ሰረዝ ጨምረው ኘን፣ በሰ ላይ ሸን፣ በተ ላይ ቸን አወጡ። ካታላኖች አዲስ ፊደል ከመቅረጽ ይልቅ ጎረቤቱን ፊደል ረዳት አደረጉት። ኤንና ዋይ ተጣምረው ኘን ይሰጣሉ፤ ኤል ሲደገም ለ እና የ ባንድ ትንፋሽ የተዋሐዱበትን፣ በአማርኛ የሌለውን ድምፅ ያመለክታል። አካፋ በአንድ ኤል፣ ገለባ በሁለት ኤል ይጻፋል፤ ሌላ ልዩነት የላቸውም።

በ1907 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በባርሴሎና የተቋቋመው የካታላን ጥናት ተቋም በ1913 የጽሕፈት ደንብ ሲያወጣ፣ የሐሳቡ ዋና አመንጪ ፖምፔዩ ፋብራ ነበረ፤ ሰውየው በትምህርቱ መሐንዲስ መሆኑ አያስገርምም። ሣጥንን ባርሴሎናዊው «ካሸ»፣ ቫሌንሲያዊው «ካይሻ» ይለዋል። ደንቡ ከኤክስ በፊት አይ የተባለውን ፊደል አስገባ። እንግዲህ ታላቂቱ ከተማ ለጎረቤቷ ስትል የማትናገረውን ፊደል ትጽፋለች፤ ይህን እናመሰግናለን።

ጆሮ ብቻውን ዳኛ እንዳልሆነም ሌላ ቃል ያሳያል። እብድ ለወንድ «ቦች»፣ ለሴት «ቦዠ» ነው። የወንዱ መጨረሻ ቸ ሆኖ ቢሰማም፣ ቢሮ በሚለው ቃላቸው መጨረሻ ላይ ያለው ቸ በሚጻፍበት ፊደል አይጻፍም፤ ዝምድናው እንዲታወቅ ሌላ አጻጻፍ ተጠብቆለታል። የእኛም ሰረዝ ሳይታሰብ ይህንኑ ያደርጋል፤ ከፈተ ብለን ከፋች፣ ለመነ ብለን ለማኝ ስንል ዘሩ ከዓይን አይሰወርም። ገደለ ብለን ገዳይ ስንል ግን ለ ወደ ይ ተለውጦ ፊደላችን ጆሮን ተከትሏል። በማዮርካም የሚመሳሰል ለውጥ ደርሷል፤ ገለባን «ፓየ» ይሉታል። እዚያ ግን ደንቡ ጆሮን አልተከተለም፤ ደሴተኛው እንደ ሌላው ሁሉ ሁለት ኤል ይጽፋል። ሸክሙ በዚህ ጊዜ በታናሹ ላይ ወደቀ።

ታዲያ ፍትሕ በጆሮ ይለካ የሚል ቢኖር፣ ከ1939 በኋላ የሆነውን ይመልከት። የፍራንኮ መንግሥት ካታላንን ከትምህርት ቤትና ከመሥሪያ ቤት አስወጣ፤ ፋብራ ወደ ፈረንሳይ ተሰድዶ በ1948 በዚያው ሞተ። ካታሎኒያ የሚለው ስም በመንግሥት ወረቀት ላይ በኤንና በዋይ መጻፉ ቀርቶ፣ በእስፓኝኛው ባለሰረዝ ኤን ሆነ። ይህ ፊደል ግን ድምፁን አልዋሸም፤ እንዲያውም ሁለቱ የሠሩትን አንዱ ይሠራል። የተበደለ ጆሮ አልነበረም፤ በደሉ ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ ነበር። የቫሌንሲያ ጸሐፊዎች በ1932 በካስቴሎ ከተማ ተሰብስበው ደንቡን ለራሳቸው አነጋገር ጥቂት አስተካክለው ሲፈርሙ ያልተሰማቸው ነገር፣ በዚህኛው ጊዜ ተሰማ። እነዚያ ተጠይቀው ነበር፤ እነዚህ አልተጠየቁም።

ከፍራንኮ ሞት በኋላ ዋይ ወደ ቦታው ተመልሷል። ማዮርካዊው ተማሪ ግን አያቱ «ፓየ» የምትለውን ዛሬም በሁለት ኤል ይጽፋል፤ የአያቱን «ፈረስ» ሲጽፍ ደግሞ ሁለቱን ኤል በእርግጥ ይሰማቸዋል፤ የቱ የትኛው እንደ ሆነ በቃሉ መያዝ አለበት።