ስምሽን ከመስጠትሽ በፊት

ልጄ፣ ዘመዶችሽ እዚያው ለንደን በከፈቱት ኩባንያ «ጸሐፊ ሁኚልን» ብለው እንደለመኑሽ ሰማሁ። የሚለመነው የታመነ ሰው ነውና ደስ ብሎኛል። ነገር ግን «ስምሽን ብቻ ነው የምንፈልገው፣ ሥራ የለበትም» ማለታቸው አሳሰበኝ። እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ልጄ። ስም ከገባ ኃላፊነቱም አብሮ ይገባል።

አስቀድመሽ «ለምን ፈለጋችሁኝ?» ብለሽ በትሕትና ጠይቂያቸው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2008 ወዲህ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ኩባንያ ጸሐፊ እንዲሾም ሕግ አያስገድደውም። ግዴታው የሕዝብ ኩባንያዎች ብቻ ነው። እውነተኛ ሥራ ካለ ጥሩ ነው። ከሌለ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

ጸሐፊነቱን እንደ ትንሽ ነገር አትይው። አንድ የኩባንያ ጸሐፊ በኩባንያው ስም መኪና እየተከራየ ለራሱ ጉዳይ ይነዳ ነበር። ኩባንያው «እኛ አልፈቀድንለትም» ብሎ ተከራከረ። የእንግሊዝ የይግባኝ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1971 ኪራዩን ኩባንያው ይክፈል አለ። ጸሐፊ ሹም ነው፤ እንዲህ ያለውን የአስተዳደር ውል ለመግባት ሥልጣን እንዳለው ውጭ ያለ ሰው ቢያምን ትክክል ነው ተባለ። ሰው ፊርማሽን የሚያምነው በዚህ ልክ ነው።

የ2006ቱ የኩባንያዎች ሕግም ጸሐፊን ከዳይሬክተሩና ከሥራ አስኪያጁ እኩል ሹም ብሎ ይጠራል። የሚጠየቀው ደግሞ በእጁ ያጠፋ ብቻ አይደለም። አይቶ የፈቀደም ይጠየቃል። ጥፋቱ እንዳይደርስ የሚገባውን ሁሉ ያላደረገም ይጠየቃል። ዝም ማለት አያድንሽም፣ ልጄ። «አላወቅሁም፣ እነሱ ናቸው» ማለትም አያድንሽም።

ምሳሌ ልስጥሽ። ኩባንያው በመዝገብ ያለው መረጃ ትክክል መሆኑን ቢያንስ በየ12 ወሩ ለኩባንያዎች መዝጋቢው ለካምፓኒስ ሃውስ ያረጋግጣል። ጊዜው ከሞላ በኋላ የሚሰጠው 14 ቀን ነው። ያ ካለፈ ወንጀል ነው፤ ከዳይሬክተሮቹ ጋር ጸሐፊዋም በራሷ ስም ልትከሰስ ትችላለች። የሚቻለውን ሁሉ ማድረግሽን ማስረዳት የሚጠበቅብሽም አንቺው ነሽ። ዳይሬክተር ሲሾምም ሲለቅም ለማስታወቅ የሚሰጠው እንዲሁ 14 ቀን ነው። ዓመታዊውን ሒሳብ በጊዜው የማስገባቱ ግዴታ የዳይሬክተሮቹ ነው። አንቺ ግን ቀኑ ሳይደርስ አስታውሻቸው፤ ማስታወስሽንም በጽሑፍ አድርጊው።

የቃለ ጉባኤው ነገር ከሁሉ ያሳስበኛል። የዳይሬክተሮች ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ቢያንስ 10 ዓመት መቀመጥ አለበት። 10 ዓመት ረጅም ነው። ዛሬ የተስማሙ ዘመዳሞች በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊጣሉ ይችላሉ። ሲጣሉ የሚያወጡት ያንቺን ወረቀት ነው። ስለዚህ የተባለውን ብቻ ጻፊ። ያልተደረገ ስብሰባ እንደተደረገ፣ ያልመጣ ሰው እንደመጣ አድርገሽ አትጻፊ። የቀን ቁጥር ወደ ኋላ አትመልሺ። ሐሰት መሆኑን እያወቁ ለመዝጋቢው መረጃ ማስገባት እስከ 2 ዓመት ሊያሳስር ይችላል። ለማንም ብለሽ እንዳታደርጊው።

ስትፈርሚም የኩባንያውን ስምና ያንቺን ሹመት ከፊርማሽ ጋር ጻፊ። ኩባንያው ገና ሳይመዘገብ በስሙ ውል አትፈርሚ። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የዚያ ውል ባለዕዳ ራስሽ ትሆኛለሽ።

ይህን ሁሉ ታውቂ ይሆናል። የምፈራልሽ አለማወቅን ሳይሆን ይሉኝታን ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡና እየተጠጣ፣ «እዚህ ጋ ፈርሚልኝ» ይሉሻል። ያሳደገሽን ሰው እንዴት እምቢ ትያለሽ? እምቢ አትበይው። «ጋሼ፣ ወስጄ ላንብበውና ነገ ልመልስልዎ» በይው። አክብሮትም ነው፣ ጥንቃቄም ነው። ወረቀቱን ለማንበብ አንድ ምሽት ይበቃሻል። ሳታነቢ የፈረምሽው ግን ለዓመታት ይከተልሻል። አንድ ቀን ሳያነቡ መፈረም ልማድ ይሆናል፤ ልማድ ሲሆን ደግሞ ሰው ማፈሩን ይተዋል።

ደግሞ አይዞሽ። ሕጉ ጨካኝ ብቻ አይደለም። በሥራው ጉድለት የተከሰሰ ሹም በቅንነትና በአግባቡ ሠርቶ ከተገኘ፣ ፍርድ ቤቱ ከኃላፊነቱ ነፃ ሊያደርገው ይችላል። ቅንነትሽን የሚያሳየው ግን የጻፍሽው ማስታወሻና የላክሽው ኢሜይል ነው። ስለዚህ አስቀምጪው።

መሥራት ካልቻልሽ በጽሑፍ ልቀቂ። ኩባንያው መልቀቅሽን በ14 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት። ስምሽ ከመዝገቡ መነሳቱን ራስሽ እዪ፤ መዝገቡ ለማንም ሰው በነፃ ክፍት ነው። በነበርሽበት ጊዜ የሆነውን ግን መልቀቅ አይፍቀውም።

እንግዲህ እምቢ በይ አላልኩሽም፣ ልጄ። አንቺ ጠንቃቃ ነሽ፤ ብትቀበይው ዘመዶችሽንም ከብዙ ጣጣ ታድኛቸዋለሽ። ግን ከተቀበልሽው እንደ ሥራ ተቀበይው፤ ቀኖቹን መዝግቢ፣ ወረቀቱን አንብቢ፣ እውነቱን ጻፊ። ለዚያ ጊዜ ከሌለሽ ዛሬውኑ «አልችልም» በያቸው። ቅር ቢላቸውም ይተውታል።