ርካሽ ትኬት መቼ ጽድቅ ይሆናል?

ደብረ ታቦር በዓለም የአየር ማረፊያዎች መዝገብ ውስጥ ዲ.ቢ.ቲ. የሚል ባለ ሦስት ፊደል መለያ አላት። መለያው ይኑር እንጂ የደብረ ታቦር ሰው ወደ አዲስ አበባ መብረር ሲፈልግ መጀመሪያ ወደ ወረታ ቁልቁል ወርዶ፣ የፎገራን ሜዳ አልፎ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዞ ባሕር ዳር መድረስ አለበት። እዚያም የሚያገኘው መደበኛ በረራ የአንድ አየር መንገድ ብቻ ነው። ከተማዋን ከምሥራቅም ከምዕራብም የሚያገናኛት ዋና መንገድ፣ ሕዝቡ የቻይና መንገድ እያለ የሚጠራው የወረታ–ወልድያ መስመር ነው። እሱ ሲታወክ ከጉና ግርጌ እስከ ጋይንት ያለው ደጋ ሁሉ ይታወካል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. መባቻ በአማራ ክልል የነበረው ጦርነት ሲባባስ ደግሞ መንገዱ ብቻ ሳይሆን የባሕር ዳርና የጎንደር በረራም ለቀናት ተቋርጦ ነበር። ደሴትን ደሴት የሚያሰኘው በዙሪያው ያለው ውኃ ብቻ አይደለም፤ መውጫው አንድ መሆኑም ነው። በዚህ መለኪያ ደብረ ታቦር ያለችበት ደቡብ ጎንደር ባሕር የሌለው ደሴት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ዋጋ ሰብሮ የሚገባ አዲስ ድርጅት በጎ አድራጊ ነው ወይስ አዳኝ? ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ ለኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይተዋል። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው እላለሁ። መልሴም ይህ ነው፦ ዋጋ ፍትሐዊ የሚሆነው ዛሬ ስለረከሰ ብቻ ሳይሆን፣ ገዢው ነገም ሌላ መውጫ እንዲኖረው ሲያደርግ ነው።

መጽሐፈ ምሳሌ በ11ኛው ምዕራፉ እህል የሚቆልፈውን ሰው ሕዝብ እንደሚረግመው፣ አውጥቶ የሚሸጠውን ግን በረከት እንደሚያገኘው ይናገራል። ልብ ሊባል የሚገባው የሚመረቀው ሰው በነፃ የሚሰጠው አለመሆኑ ነው። ሻጭ ነው፤ ዋጋ ይቀበላል፤ ያተርፋል። የሚረገመውም ውድ በመሸጡ አልተከሰሰም። የተከሰሰው የሌላውን ችግር በእጁ አስገብቶ በር በመዝጋቱ ነው። የደጋ ገበሬ ይህን ያለ ሰባኪ ያውቀዋል፤ በጥር የገዛውን ገብስ ጎተራ ሞልቶ ሐምሌን የሚጠብቅ ነጋዴ የሚያተርፈው ከእህሉ አይደለም፣ ከክረምቱ ነው። በምዕራቡ ክርስትና ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ዘመን ከዚህ ጋር የሚገጥም ሐሳብ አቅርቧል፤ ገዢው ዕቃውን እጅግ የሚፈልገው በራሱ ሁኔታ የተነሣ ከሆነ፣ ሻጩ በዚያ ምክንያት ዋጋ መጨመር አይገባውም፣ የእሱ ያልሆነውን ነገር መሸጥ ይሆንበታልና። ስለዚህ የዋጋ ፍትሕ የሚመዘነው በቁጥሩ ከፍታና ዝቅታ ብቻ ሊሆን አይችልም። የሚመዘነው የገዢው ችግር በማን እጅ እንደገባ በመጠየቅ ነው። የሰውን ችግር በእጅ ማስገቢያው መንገድ ደግሞ ሁለት ነው። አንዱ ሌላ ሻጭ እንዳይገባ ከልክሎ ብቻን መሸጥ ነው። ሁለተኛው በርካሽ ገብቶ፣ ነባሮቹን አድክሞ አስወጥቶ ብቻን መቅረት ነው። የመጀመሪያውን ሁሉም ያየዋል። ሁለተኛው ግን የበጎነት ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ በቶሎ አይለይም።

ሁለተኛውን ለማየት የሃዋይ ደሴቶች ታሪክ ይጠቅማል። አሎሃ የተባለው አየር መንገድ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1946፣ ማለትም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ባደረገበት በዚያው ዓመት ነው። ለስድሳ ዓመት ያህል ከሃዋይያን አየር መንገድ ጋር የደሴቶቹን ሕዝብ ሲያመላልስ ኖረ። በሰኔ 2006 እ.ኤ.አ. ሜሳ የተባለ የአሜሪካ ዋና ምድር ኩባንያ "ጎ!" የሚል ስም ያወጣለትን ርካሽ አገልግሎት ይዞ ገባ። በ39 ዶላር ትኬት ጀምሮ ከዚያም በታች ወረደ፤ ነባሮቹም ደንበኛ ላለማጣት ተከትለውት ወረዱ። አሎሃ በመጋቢት 2008 መጨረሻ መንገደኛ ማጓጓዝ አቆመ፣ 1,900 ያህል ሠራተኞችም ሥራ አጡ። እርግጥ አሎሃን የጣለው ጎ! ብቻ አልነበረም፤ ቀድሞም ከኪሳራ ጥበቃ የወጣ ድርጅት ነበር፣ የነዳጅ ዋጋም በዚያ ዓመት ሰማይ ነክቶ ነበር። ይሁን እንጂ ሜሳ ከሃዋይያን አየር መንገድ ያገኘውን ምስጢራዊ መረጃ አላግባብ ተጠቅሟል ተብሎ በ2007 የ80 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንዲከፍል ፍርድ ቤት መወሰኑ፣ አገባቡ ንጹሕ ውድድር ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል። አሎሃ ሲወጣ ትኬቱ ተወደደ። ጎ! ራሱም በ2014 ደሴቶቹን ትቶ ሄደ። ከስምንት ዓመት በኋላ የሃዋይ ሰው ሲቆጥር ለጥቂት ጊዜ የቆየ ቅናሽ አግኝቷል፤ የስድሳ ዓመት አጓጓዥ ግን አጥቷል።

ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ "እንግዲያው በሩ ተዘግቶ ይቆይ" የሚል መደምደሚያ የሚያወጣ ሰው ግን ወደ መጀመሪያው ጥፋት ይመለሳል። በኢትዮጵያ የግል አየር መንገዶች ለብዙ ዓመታት በሕግ ከ50 መቀመጫ በማይበልጥ አውሮፕላን ተወስነው ኖረዋል። ለክልከላው ሲሟገቱ የኖሩት በአገር ኩራት ስም ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የነፃ አፍሪካ ምልክት፣ የሕዝብ ሀብት ነው ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ ግን እውነት የሆነ ነገር ሁሉ ለክርክሩ ማስረጃ አይሆንም። በሐዋርያት ሥራ 19ኛ ምዕራፍ የኤፌሶኑ ብር አንጥረኛ ድሜጥሮስ የሙያ ጓደኞቹን ሰብስቦ ሁለት ነገር ያነሣል፤ ገቢያችን ሊቀር ነው፣ የታላቂቱ ሴት አምላክ ክብርም ሊዋረድ ነው። አደባባይ ሲወጡ ጩኸቱ ስለ ሁለተኛው ብቻ ሆነ። ታሪኩ የሚያስተምረው ክብር ሐሰት መሆኑን አይደለም፤ የተነካ ጥቅም ሁልጊዜ ከራሱ ከፍ ያለ ስም ፈልጎ እንደሚናገር ነው። በአገራችን ለዚህ ጥሩ መፈተኛ የሆነው ስልክ ነው። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ መንግሥት የቴሌኮም ዘርፉን በከፊል ለግል ባለሀብት እንደሚከፍት አስታወቀ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ድምፅ ዋጋን በ40 ከመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን በ43 ከመቶ ቀነሰ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በይፋ የጀመረው ከአራት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ነው። ቅናሹን ያመጣው ተፎካካሪው ራሱ ሳይሆን የመምጣቱ ወሬ መሆኑን መካድ ያስቸግራል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ ሲከፈል የነበረው ትርፍ ዋጋ የአገልግሎቱ ዋጋ አልነበረም፤ በሩ በመዘጋቱ ብቻ የተሰበሰበ ነበር።

ለዚህ የሚቀርበው ጠንካራ ተቃውሞ የድጎማ ነው። ብሔራዊው አየር መንገድ በዓለም አቀፍ መስመሮች ያተረፈውን ይዞ አትራፊ ያልሆኑትን የአገር ውስጥ ከተሞች ያገለግላል፤ አዲስ ገቢው ግን አትራፊውን መስመር ቆርጦ ይወስድና ድሃውን መስመር ለነባሩ ይተዋል ይላሉ። ይህ በቀላሉ የሚናቅ ክርክር አይደለም። ደብረ ታቦርን የመሰለ ከተማ አንድ ቀን መደበኛ በረራ ቢያገኝ፣ መጀመሪያ ላይ በኪሳራ የሚሠራለት ሰው ያስፈልገዋል። ነገር ግን ድጎማ የሚሰጥ ሰው ስንት እንደሚሰጥ፣ ለማን እንደሚሰጥና እስከ መቼ እንደሚሰጥ መናገር አለበት። ያልተነገረ ድጎማ ውለታ ሆኖ ይቀራል፤ ውለታ ደግሞ ሲፈለግ የሚነሣ፣ ሲጠየቅ የሚያስቆጣ ነገር ነው። ድሃውን መስመር ማገልገል ግዴታ ከሆነ ግዴታው በጽሑፍ ይውጣ፣ ወጪው በግልጽ ይታወቅ፣ አዲስ ገቢውም ድርሻውን ይክፈል። ያን ጊዜ ክልከላው አስፈላጊ መሆን አለመሆኑ በቁጥር ይለያል።

ከሌላው ወገን የሚመጣው ተቃውሞ ደግሞ የበለጠ ሰብዓዊ ነው። ለታመመ ሰው የሁለት ዓመት ቅናሽም ቢሆን እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ከደብረ ታቦር ለሕክምና አዲስ አበባ የተላከ በሽተኛ ትኬቱ ስለረከሰ በሕይወት ከደረሰ፣ ከዓመታት በኋላ ስለሚሆነው ነገር ፈላስፋ ምን አገባው? ይህን ሰው ዝም ማሰኘት አይቻልም፣ አይገባምም። ገዢው በርካሽ በመግዛቱ ምንም ጥፋት የለበትም። ክርክሬ ስለ ሻጩ ነው፤ ለገዢው የማይጠየቅ ነገር ለሻጩ ይጠየቃል። ዛሬ በርካሽ የሄደው በሽተኛ በሚመጣው ዓመት ለክትትል ተመልሶ ይሄዳል፤ ቀጥሎ የሚታመምም ሌላ ሰው አለ። የአንዱ ቅናሽ ለሌላው መቅረት ምክንያት ከሆነ ርኅራኄው ከአንዱ ተወስዶ ለሌላው የተሰጠ እንጂ የሻጩ አይደለም። አውሮፕላን የሀብታም ነገር ነው፣ በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለውን የፋርጣን ገበሬ አይመለከተውም የሚልም አይጠፋም። ገበሬው አይበር ይሆናል፤ ግን ይህ ፍርድ ከትኬት አልፎ ለማዳበሪያውም፣ ለስልኩም፣ ለአውቶቡሱም ይሠራል። አንድ መውጫ ባለበት ሁሉ የሻጭ ኃይል ከወትሮው በላይ ነው፤ ኃይል በበዛበት ደግሞ ግዴታም ይበዛል።

ሕጋችን ይህን በግማሽ ብቻ አይቶታል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በገበያ የበላይነት አላግባብ መጠቀምን ይከለክላል፤ ተፎካካሪን ለመጉዳት ከማምረቻ ወጪ በታች መሸጥንም ከዚያ ይቆጥረዋል። ክሱ የሚነሣው ግን ቀድሞ የበላይ በሆነው ላይ ነው። ጎ! ሃዋይ ሲገባ የበላይ አልነበረም፤ ከኋላው ያለው የእናት ኩባንያው ገንዘብ ነበር ኃይሉ። ስለዚህ የአንድ መውጫ ገበያ ሁለት ነገር ይፈልጋል። ነባሩ በሩን ይክፈት፤ ክብሩን በመከልከል ሳይሆን በአገልግሎት ያስመስክር። አዲስ ገቢውም ሲገባ ቃል ይግባ፦ ከወጪው በታች ለተፎካካሪ ማስወጫ እንደማይሸጥ፣ የጀመረውን መስመር ሲያቋርጥ በቂ ጊዜ ሰጥቶ እንደሚያስታውቅ፣ ቢወድቅ ትኬት ለገዛ መንገደኛ የሚመለስ መያዣ ገንዘብ እንደሚያስቀምጥ። እንዲህ ያለው ቃል ዋጋውን በመጠኑ ሊያስወድደው ይችላል። ይህን ጭማሪ መክፈል ተገቢ ነው፤ የሚገዛው ወንበር ሳይሆን ነገ ተመልሶ የመሄድ ዋስትና ነውና። ቃሉን ለመግባት እምቢ የሚል አዲስ ገቢ ካለ ዋጋው ለምን እንደረከሰ ከወዲሁ ነግሮናል፤ ቃሉን የሚገባውን ደግሞ መከልከል እህሉን ሊሸጥ የመጣውን ነጋዴ ከገበያው በር መመለስ ነው።