ፈተና የሌለበት ጥናት



ባለፈው ሳምንት ማታ ማታ አብረውን ከሚያጠኑት ልጆች አንዱ ደብተሮቹን ጠቅልሎ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ ለሚፈልግ ሰው ይስጡልኝ» አለኝ። ምክንያቱን ብጠይቀው፣ «የምፈተነው ፈተና የለኝም፤ ለማን ብዬ ነው የማጠናው?» ሲል መለሰልኝ። ወዲያው የምመልሰው አላገኘሁም። ደብተሮቹን ተቀብዬ ከራስጌዬ አኖርኳቸው። ይህች ጽሑፍ ለእርሱም፣ እንደ እርሱ ለሚጠይቁም ሁሉ የዘገየች መልሴ ናት።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት ቀላል መልሶች አሉ፤ ሁለቱም ሐሰት ናቸው። አንደኛው «በርታ፣ ነገ በሩ ይከፈትልሃል» ማለት ነው። እኔ የበሩ ባለቤት ስላልሆንኩ በሌለኝ ነገር ቃል መግባት ይሆንብኛል። ሁለተኛው «እውነትህን ነው፣ ተወው» ማለት ነው። ይህ ደግሞ ልጁ የቀረችውን አንዲት ንብረት መቀማት ነው። እንግዲህ በሁለቱ መካከል እውነተኛ መልስ አለ ወይ?

እስቲ ከቃሉ እንጀምር። ማጥናት የሚለው ቃላችን «ጠና» ከሚለው የወጣ ነው። ጠና ስንል በረታ፣ ጠነከረ ማለታችን ነው፤ ጽናትም የዚሁ ዘመድ ነው። እንደ ቃሉ ከሆነ አንድን ነገር ያጠና ሰው ያን ነገር በውስጡ ያጸና ነው። ፈተና ማለፍና መውደቅ ከቃሉ ውስጥ የሉም፤ በኋላ የጨመርናቸው እኛ ነን።

ከጨመሩትም አንዱ እኔ ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ የመጀመሪያውን ክፍሌን በያዝኩ ጊዜ፣ ተማሪ የማተጋ እየመሰለኝ «ይህን ፈተና የወደቀ ሰው አይባልም» እል ነበር። አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሰሌዳ ፊት ስትቆም የጠየቅኋትን ሁሉ የምትመልስ። በፈተናው ዕለት ስሟን ጻፈችና ወረቀቱን ባዶውን መለሰችው። ትምህርቱን ሳይሆን ፍርሃቱን አጽንቼባት ኖሯል። ያን ቀን የወደቅሁት እኔ መሆኔን ለመረዳት ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል።

በ2014 ዓ.ም. በአገራችን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የተከታዩም ዓመት ውጤት አልተሻለም። ታዲያ የቀሩት ሁሉ ሰነፎች ናቸውን? ጉድለቱ የብዙ ሰውና የብዙ ዓመት ሆኖ ሳለ፣ ኀፍረቱን ግን እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ተሸክሞ ወደ ቤቱ ገባ። ጭንቀት የሚባለውም በአብዛኛው ይኸው ነው፤ የብዙዎችን ሸክም ለብቻ መሸከም።

አሁን ያለንባት ሐርጌሳ ለዚህ ነገር የራሷ ምስክር አላት። እ.ኤ.አ. በ1981 የዚህች ከተማ ሐኪሞች፣ መምህራንና ሌሎች የተማሩ ሰዎች፣ የተጎሳቆለውን ሆስፒታል በገዛ ጉልበታቸው ሊያሻሽሉ በመነሣታቸው የዚያድ ባሬ መንግሥት እንደ ሤረኛ ቆጥሮ አሰራቸው። ላባታን ጅሮ በተባለው እስር ቤት ለየብቻ ተዘግተው፣ መነጋገርም ተከልክለው ዓመታት አሳለፉ። እነርሱ ግን ግድግዳውን በማንኳኳት ፊደል ፈጠሩ። ከመካከላቸው ዶክተር አደን አቦኮር የቶልስቶይን «አና ካሬኒና» ለማግኘት በቃ። ከግድግዳው ማዶ ያለው መሐመድ ባሩድ በጭንቀት ተይዞ ነበርና፣ ሐኪሙ ያን ወፍራም መጽሐፍ ፊደል በፊደል እያንኳኳ አነበበለት። የተፈቱት በ1989 ነው። በዚያ ግድግዳ በኩል ሰርተፊኬት የሚሰጥ ማንም አልነበረም፤ ሆኖም አእምሮ ሥራ አገኘ፣ ጭንቀትም ጓደኛ አገኘ።

ይህ ማለት ተስፋ ይበቃል፣ ዘዴ አያስፈልግም ማለት አይደለም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ የታጨቀ ትምህርት ቶሎ ይፈስሳል። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ራሱን እየፈተነ ባወጣው ጥናት፣ የተማርነው ብዙው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደሆነ፣ በየጊዜው ከፋፍሎ መከለስ ግን እንደሚያጸናው አሳይቷል። የእኛ የቆሎ ተማሪ ቀን የተቀበለውን ማታ በቃሉ ሲወጣ፣ ከፍ ያለውም ዝቅ ያለውን ሲያስጠና የኖረው ይህንኑ ነው። በዚህ አገር የቁርኣን ተማሪ የእንጨት ሰሌዳውን የሚያጥበው በላዩ ያለውን በቃሉ ከያዘ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥቂት አንብብ፤ ደብተሩን ክደን፤ የቀረህን በራስህ ቃል ተናገር፤ የጎደለውን ተመልሰህ እይ። በማግስቱ፣ ከዚያም በሳምንቱ ድገመው። የገባህን ላልገባው አስረዳ። እንቅልፍህን አትስረቅ፤ ያጠናነው የሚጸናው ስንተኛም ጭምር ነውና። ልብህ ሲጠብብህ ያስጨነቀህን በወረቀት ጻፈው፣ ወይም ለአንድ ሰው ንገረው።

ወላጆችም ሆይ፣ ቀን በጉልበት ሥራ ውሎ የመጣን ልጅ ከማታው ትምህርት ቢቀር አትውቀሱት። ደግሞም የስደታችንን ዕዳ ሁሉ በአንድ ልጅ ውጤት ልንከፍል አንመኝ። «ስንት አገኘህ?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ምን ገባህ?» ብንለው ይቀልለዋል።

የዚህች ከተማ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ቤታቸው በቦምብ ሲፈርስ ወደ እኛ አገር፣ ወደ ሐርቲሼክ ተሰደው ነበር። ሲመለሱ ፍርስራሹን አነሡ፤ በ2000 የራሳቸውን ዩኒቨርሲቲ ከፈቱ። ይህን የማነሣው ለእኛም እንዲሁ ይሆናል ብዬ ቃል ለመግባት አይደለም። የሚከፈት በር ቢኖር ግን ባዶ እጃችንን እንዳያገኘን ነው። ባይከፈትም፣ ያጸናነው ነገር በማንም ኬላ አይቀማም።

ለዚያ ልጅ፤ ደብተሮችህን ለማንም አልሰጠሁም። ማታ በተለመደው ሰዓት ከተለመደው ቦታ አለሁ። ክፍልፋይ ያልገባቸው ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉ፤ እኔ ባስረዳቸው አልሆነልኝም። እስቲ አንተ ሞክርልኝ።