ሊብሬዋን ሳታይ ኮፈኗን አታስከፍት

ልጄ፣ መኪናዋን መውደድህ አልከፋኝም። ሰው ለፍቶ ባጠራቀመው ብር ዓይኑ የወደደውን ቢገዛ ነውር የለበትም፤ «ለወጣት ቪትዝ ይበቃዋል» ከሚሉትም ወገን አይደለሁም። ሁለት በር ያላት፣ ዝቅ ያለች ቀይ ሴሊካ በልደታ ማርያም በኩል ስታልፍ እኔም ዞር ብዬ አያታለሁ። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ከመኪናዋ በፊት ሻጩንና ወረቀቱን እይ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶች፤ የመኪና ሥሯ ደግሞ ሊብሬዋ ነው።

ጓደኞችህ «ዛሬ ካልገዛሃት ነገ የለችም» እያሉ እንቅልፍ እንደነሱህ ሰምቻለሁ። በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ! ነገራቸው ፈጽሞ ውሸት አይደለም። ቶዮታ ሴሊካን መሥራት ያቆመው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2006 ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ የግል አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ ከተማው ውስጥ ካሉት ሌላ ይመጣል ብለህ አትጠብቅ። ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ ነው «የመጨረሻዋ ናት» እያለ ዋጋውን የሚሰቅለው። ብርቅ መሆኗ ግን ጤነኛ አያደርጋትም፤ መለዋወጫዋም አብሯት ብርቅ ሆኗል።

መሸጫ ግቢ ውስጥ ከተደረደሩት መኪኖች ብዙዎቹ የነጋዴው ንብረት አይደሉም። ባለቤቱ «ሽጥልኝ» ብሎ ቁልፉን ሰጥቶ ይሄዳል፤ ነጋዴው ኮሚሽኑን ያገኛል። ይህ በራሱ ክፋት የለበትም፤ በዚህ ሥራ ቃሉን ጠብቆ ልጆቹን ያሳደገ ሰው አውቃለሁ። ችግሩ ነገር የተበላሸ ቀን ተጠያቂው ማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። እንግዲህ ገና ሻዩ ሳይቀርብ «መኪናዋ የማን ናት? ውሉ ላይ የሚፈርመውስ ማን ነው?» ብለህ ጠይቅ። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። «የዘመድ ናት»፣ «ባለቤቱ ውጭ ነው»፣ «ወረቀቱ እያለቀ ነው» ካለህ አጎቱን እየጠራልህ ነውና አባቱን እስኪነግርህ ድረስ ኪስህን አትፍታ።

በውክልና መሸጥ በከተማችን የተለመደ ነው፤ ሕጋዊም ነው። ነገር ግን ወካዩ በፈለገ ቀን ውክልናውን ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተ ደግሞ ውክልናው አብሮ ይሞታል። ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ፋይል ታቅፈው ከሚመላለሱት ሰዎች የአንዱን ጉዳይ በሽምግልና አይቻለሁ። ልጁ መኪናውን በውክልና ገዝቶ፣ ስም ማዞሩን ዛሬ ነገ እያለ ዓመታት ነዳ። ባለስሙ አረፈ፤ ወራሾቹ «የአባታችን ንብረት ነው» ብለው መጡ። ልጁ ብሩን ከፍሏል፤ እውነተኛም ነበር፤ እጁ ላይ ያለው ወረቀት ግን የሞተ ወረቀት ነበር። ብዙ ለምነን፣ ልጁም እንደገና ገንዘብ ጨምሮ ነው ወራሾቹ የፈረሙለት። ስለዚህ የሚሸጥልህ ወኪል ከሆነ ውክልናው ውስጥ «ለመሸጥ» የሚለው ሥልጣን በግልጽ መጻፉን እይ፤ አለመሻሩንም ከውልና ማስረጃ አጣራ፤ ስሙንም ሳትውል ሳታድር አዙር።

ቀጥለህ ትራንስፖርት ቢሮ ፋይሏን አስወጣና አስመርምር። እግድ አለባት? ባንክ በመያዣነት ይዟታል? ከቀረጥ ነፃ የገባች ናት? ከቀረጥ ነፃ የገባች መኪና ቀረጡ ሳይከፈል መብቱ ለሌለው ሰው አትተላለፍም፤ ያንን ዕዳ ሳታውቅ ከተረከብክ ዕዳው ያንተ ይሆናል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሯ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። ስፖርት መኪና ደግሞ ሞተር ይቀየርላታል፤ የተቀየረው ካልተመዘገበ ስም ስታዞርም ቦሎ ስታወጣም እዚያው ትቀራለህ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነን የጋራ ንብረት አንዱ ብቻውን እንዲሸጥ አይፈቅድም። ያላገባ ከሆነም ማስረጃውን ያምጣ። «ይህን ሁሉ ካልክ አልሸጥም» የሚል ሻጭ ከገጠመህ እግዜር ይስጥልኝ ብለህ ውጣ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ወረቀቱ ንጹሕ ከሆነ አሁን ወደ መኪናዋ ሂድ፤ ግን ብቻህን አትሂድ። አያቶቻችን በቅሎ ሲገዙ የኮርቻዋን ጌጥ አያዩም፤ አፏን ከፍተው ጥርሷን ያያሉ፣ አቀበት ያስወጧታል፣ ከወንዝ ያስገቧታል። አንተም እንዲሁ አድርግ። መካኒኩን ራስህ ምረጥ፤ ድካሙንም ራስህ ክፈለው፤ ነጋዴው ያመጣልህ መካኒክ ነጋዴውን ነው የሚያየው።

ሞተሯ በቀዘቀዘበት ማለዳ ድረስባት። አሙቀው ከጠበቁህ ሌላ ቀን ተመለስ። የመጨረሻዋ ትውልድ ሴሊካ፣ በተለይ እንደ ፈረንጆቹ እስከ 2002 ገደማ የተሠራችው ባለ 1800ዋ፣ በፒስተን ቀለበቶቿ ምክንያት ዘይት በመብላት የታወቀች ናት። ሰማያዊ ጭስ ካየህ እሱ ነው። ነጭ ጭሱ ሞተሯ ከሞቀ በኋላም ካልቆመ ውሃ እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ጓርኒሲዮኑን አስፈትሽ። በላሜራው ላይ ማግኔት አስጠጋ፤ አልይዝ ያለበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ። ኮፈኑ ሥር፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ ከምንጣፉ በታች ብየዳ ፈልግ። ጎማዋ በአንድ በኩል ብቻ ካለቀ ተጋጭታ ሻንሲዋ ዞሮ እንደሆነ ጠይቅ። የኪሎሜትር ቆጣሪ ሊወርድ ይችላል፤ የተላጠ መሪና የተበላ ፔዳል ግን ዕድሜ አይደብቁም። ከዱባይ የገቡ መኪኖች አንዳንዶቹ አሜሪካ ውስጥ ተጋጭተው ከጥቅም ውጭ የተባሉ ናቸው፤ ባለ 17 አሃዙን የሻንሲ ቁጥር ይዘህ እዚያ ያለ ዘመድህ ታሪኳን እንዲያይልህ ላክለት። ቀለም ቀቢዎቻችን እጃቸው የተባረከ ነውና በውጭ ውበቷ ብቻ ተማርከህ ውስጡን ለቄስ እንዳይሆንብህ።

ማርሚታዋ ተቀይሮ የምትጮህ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቅ። ያ ያስደሰተህ ጩኸት የኩሽኔታውንና የእግሯን ድምፅ ይሸፍናል። መስኮቱን ዘግተህ፣ ቴፑን አጥፍተህ፣ በሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብለህ ንዳት፤ ጆሮህ የሚሰማውን ልብህ አያስተባብል። ከዚያ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ አውጣትና የሙቀት መለኪያውን ተመልከት። በዚያ አቀበት ያልሞቀች መኪና አዲስ አበባን ትችላለች።

ስለ ጉልበቷም እውነቱን ልንገርህ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ወደ አንድ አሥረኛ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል። ወረቀት ላይ 140 የፈረስ ጉልበት የተባለችው እዚህ ወደ 110 ገደማ ናት። ትሩጥ ብትልስ የት? የአዳማው ፈጣን መንገድ እንኳ ከ120 በላይ አይፈቅድም፤ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ሆዷ ፍጥነት መቀነሻውን ይልሳል። ይህን አውቀህ ከወደድካት ውደዳት፤ ሰው የሚወደውን መኪና በደንብ ይይዛልና።

ሞተሯ የዚያን ዘመን አንዳንድ ኮሮላዎች የሚጋሩት ስለሆነ የውስጥ ዕቃዋን ሶማሌ ተራ ፈላልገህ ታገኝ ይሆናል። የፊት መብራቷን፣ መስታወቷን፣ ፓራውልቷን ግን ከውጭ ነው የምታስመጣው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ለውጥ ወዲህ የዶላር ዋጋ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ያለህን ሁሉ ለመግዣ አታውለው። ተበድረህ የምትሞላውም አይሁን፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

መካኒኩ ሳያያት ቀብድ አትስጥ። በሕጋችን ቀብድ ሰጥቶ የተወ ሰው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀብሎ የካደም እጥፉን ይመልሳል፤ የሰጠኸውን መጠን ግን በጽሑፍ ካልያዝክ ምን ታስመልሳለህ? ነጋዴው «ለታክስ እንዲቀልልን ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፈው» ሊልህ ይችላል። እሺ እንዳትል። ውሉ የፈረሰ ቀን የምትጠይቀው የተጻፈውን ነው፤ በዚያ ላይ ውሸት ፈርመሃል። ገንዘቡ በባንክ በባለስሙ ሒሳብ ይግባ። «አይቼና መርምሬ ባለችበት ሁኔታ ተረክቤአለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ቆም ብለህ አንብበው፤ ብዙ ክርክር የሚወድቀው በእሱ ነው። «ሞተሯ አልተከፈተም፣ አልተጋጨችም» ብሎ በአፉ ከማለልህ ያንኑ ውሉ ላይ ያስፍርልህ። በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፣ በቃል ያለ ይረሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የተደበቀ ጉድለት ለገጠመው ገዢ መከታ አለው፤ ግን ጉድለቱን እንዳወቅህ ለሻጩ ማሳወቅ አለብህ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ በጽሑፍ ንገረው።

በል እንግዲህ፣ ነገ የሊብሬዋን ኮፒ ጠይቀውና አምጣልኝ፤ አብረን እናነበዋለን። ሁሉም ተጣርቶ ውልና ማስረጃ የምትቀጣጠሩበትን ቀን ደግሞ ቀደም ብለህ ንገረኝ፤ መታወቂያዬን ይዤ አብሬህ እመጣለሁ።