ራስን መንከባከብ ራስ ወዳድነት ነውን?



በአንድ ወቅት ምሳውን እየዘለለ፥ ሳያርፍ ከመንደር መንደር እየተመላለሰ የሚያስተምር መምህር ነበረን። ትጋቱን በጉባኤ ፊት አመሰገንሁ፤ «በልተሃልን?» ብዬ ግን አልጠየቅሁትም። ታሞ ሲወድቅ ጥፋቱ የእኔም እንደ ነበረ ተረዳሁ።

እግዚአብሔር ለአገልጋዩ እንዲህ አላደረገም። ነቢዩ ኤልያስ ሞትን ለምኖ ከክትክታ ዛፍ በታች በተኛ ጊዜ (1ነገ 19) መልአኩ አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውሃ ሰጠው። ዳግመኛ ሲተኛም አልከለከለውም፤ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። ከዚያ በኋላ ግን እስከ ኮሬብ የአርባ ቀንና የአርባ ሌሊት ጉዞ ነበረ። መለኪያው ይህ ነው፦ ወደ መንገዳችን የሚመልሰን ዕረፍት አደራን መጠበቅ ነው፤ ከባልንጀራችን የሚያሸሸን ግን ራስ ወዳድነት ነው።

ጾምም ሥጋን ይገራል እንጂ አይጠላም። እ.ኤ.አ. በ1226 ያረፈው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ፥ «ወንድሜ አህያ» ይለው የነበረውን ሥጋውን፥ አብዝቶ ስለ ጨከነበት በሕይወቱ ፍጻሜ ይቅርታ እንደ ጠየቀው ይነገራል። ባልንጀራን የመውደድ ትእዛዝ በራስ ፍቅር የተሰፈረ ነው፤ ራሱን የሚንቅ ሰው ለሌላው በምን ይሰፍራል?

እንግዲህ የሚያገለግሉንን ስናመሰግን፥ በልተው፥ አርፈውም እንደ ሆነ እንጠይቅ።