ያልሰሙትን ሰው መመርመር

አንድ የአእምሮ ሐኪም አግኝቶ ስለማያውቀው ፖለቲከኛ ጤንነት በአደባባይ መናገር ይገባዋል ወይ? ጥያቄው የሙያ ሥነ ምግባር ጉዳይ ይመስላል። ሥሩ ግን የፍልስፍና ነው፤ የሌላውን ሰው ውስጥ ማወቅ የሚቻለው በምን መንገድ ነው?

ክርክሩ የጦፈው እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ ውስጥ ነው። ባሪ ጎልድዋተር ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር «ፋክት» የተባለ መጽሔት ከ12 ሺህ ለሚበልጡ የአእምሮ ሐኪሞች፣ ሰውየው ለሥልጣኑ በሥነ ልቦና ብቁ ነው ወይ የሚል መጠይቅ ላከ። 2,417 መለሱ። 1,189ኙ ብቁ አይደለም አሉ፤ መጽሔቱም ይህንኑ ቁጥር ሽፋኑ ላይ አተመው። 657ቱ ብቁ ነው ብለዋል። ሽፋኑ ላይ ቦታ ያላገኙት የቀሩት 571 ደግሞ ለመፍረድ የሚበቃ ነገር አናውቅም ያሉ ናቸው፤ እንደ ሐኪም የመለሱት እነዚህ ነበሩ ማለት ይቻላል። ጎልድዋተር ምርጫውን ተሸነፈ፤ አሳታሚውን ከሶ ግን ረታ። ለጉዳቱ የተሰላለት 1 ዶላር ብቻ ሲሆን የቅጣት ካሣው 75 ሺህ ዶላር ነበር። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1973፣ ሳይመረምሩና ፈቃድ ሳያገኙ ስለ ታዋቂ ሰው የሙያ አስተያየት መስጠትን ከለከለ። ክልከላው ዛሬም «የጎልድዋተር ደንብ» ይባላል።

ደንቡ ለባለጉዳዩ ክብር ብቻ የወጣ ቢመስልም ከሳይኮአናሊሲስ አሠራር ጋርም ይገጥማል። ታካሚው ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ የመጣለትን ሁሉ ሳይመርጥ ይናገራል፤ ሐኪሙ ያዳምጥና ፍቺ ይሰጣል። ፍቺው ልክ መሆኑ በምን ይታወቃል? የዘዴው መሥራች ሲግመንድ ፍሮይድ በ1937 እንደጻፈው የታካሚው «አዎ»ም ሆነ «አይደለም» ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሚዛን የሚደፋው ፍቺውን ተከትሎ የሚመጣው አዲስ ትዝታ ነው። በቴሌቪዥን የሚታይ መሪ ለተንታኙ እንዲህ ያለ መልስ አይሰጥም።

ፍሮይድ ራሱ በዚህ ተሰናክሏል። በ1910 ስለ ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ ሲጽፍ የተነሣው ሠዓሊው ካሰፈረው የሕፃንነት ትዝታ ነው፦ ተኝቶ ሳለ አንድ ወፍ መጥቶ በጅራቱ አፉን ይከፍተዋል። ፍሮይድ የያዘው የጀርመንኛ ትርጉም ወፉን ጥንብ አንሳ ይለዋል። ከዚያ ተንደርድሮ የጥንብ አንሳ ራስ ካላት የግብፅ እንስት አምላክ ዘንድ ደረሰ፤ የጥንት ሰዎች ጥንብ አንሳ ሁሉ ሴት ነው፣ የሚፀንሰውም ከነፋስ ነው ይሉ ስለነበር፣ ያለ አባት ስላደገ ልጅ ብዙ ነገር ገነባበት። የጣሊያንኛው ቃል ግን ጭልፊት ማለት ነው። ሌዎናርዶ ሶፋው ላይ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቃል ያርመው ነበር።

ከሩቅ የተሰጠ ትንታኔ ሁሉ ስቷል ማለት አይደለም። ሳይኮአናሊስቱ ዋልተር ላንገር በ1943 ለአሜሪካ የስለላ ድርጅት ባዘጋጀው ጥናት ሂትለር ራሱን ሳያጠፋ እንደማይቀር ጽፎ ነበር፤ እንዳለውም ሆነ። ላንገር ግን ሂትለርን በቅርብ የሚያውቁ ሰዎችን አነጋግሯል፤ ጽሑፉም ምስጢር እንጂ የምርጫ ቅስቀሳ አልነበረም።

በአካል መመርመርም ቢሆን ዋስትና አይሆንም። በ1970 ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ባዮሎጂስቱ ዞሬስ ሜድቬዴቭ ከቤቱ ተወስዶ ካሉጋ በሚገኝ የአእምሮ ሆስፒታል ሲቆይ ሐኪሞች አነጋግረውታል። የጠየቁት ግን ሊያክሙት አልነበረም፤ የተያዘው በጽሑፎቹ ነበርና የሚናገረው ሁሉ ለበሽታው ምልክት ይፈለግበት ነበር። የተለቀቀው የሌሎች ሳይንቲስቶች ተቃውሞ ሲበረታ ነው።

በ2017 ደግሞ 27 የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ስለ ዶናልድ ትራምፕ በጋራ መጽሐፍ ሲያወጡ ሕዝብን የማስጠንቀቅ ግዴታ አለብን አሉ። ይህ ግዴታ በአሜሪካ ሕግ ውስጥ በሰፊው የታወቀው የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 በሰጠው ውሳኔ ነው፦ ታካሚው ሌላ ሰው ላይ አደጋ ሊያደርስ እንደሚችል የተረዳ ሐኪም ዝም ማለት አይችልም። በዚያ ጉዳይ ግን አደጋው የታወቀው ታካሚው ራሱ በሕክምና ክፍሉ ውስጥ ከተናገረው ነበር።